መኪና ለማያውቅ ጋራዥ መብራት ስመርጥ

ከባለቤቴ ከደስታ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ሥራ ጋራዥ ውስጥ ቆመን በአምፖል መነታረክ ነበር። እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ የተቃጠለውን አምፖል ይፈታል፤ እኔ ከታች ሆኜ በሞባይሌ አበራለታለሁ። «ወደ ዓይኔ አይደለም፣ ወደ አምፖሉ» ይለኛል። ወደ አምፖሉ ሳዞረው «አሁን ደግሞ እጄ ጋረደኝ» ይላል። የራሱ እጅ ስለጋረደው የምወቀሰው እኔ ነኝ። ትዳር ማለት ይኸው ነው።

እንደ ምንም ፈታውና ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቀው። ከዚያ ክፉ ውጤት እንደያዘ ሐኪም አየኝ።

«ሞቷል» አለ። «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ አምፖል እዚህ ቤት አይገባም። ኤልኢዲ ነው የምንገዛው። አይሞቅም፣ ቆጣሪ አያስሮጥም፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።»

«የትኛውን ኤልኢዲ?»

«እሱን ለእኔ ተይው።»

ተውኩለት። በዚያው ሳምንት ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ።

ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲመጡ «ሳትሰናበቱ ነው ወይ የሄደው?» ይሉኛል። መሰናበቱስ ይቅር። የትኛውን አምፖል እንደሆነ እንኳ ሳይነግረኝ መሄዱ ነው ያንገበገበኝ። በሟች አይቆጡም ይባላል። እኔ ተቆጥቻለሁ። ይህን የምጽፈውም ቀስ ብዬ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ስጽፍ ስድብ ይገባበታል።

መጀመሪያ ስለ ጋራዡ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ባለ መኪና እመስላችኋለሁ። ቤታችንን ስንሠራ ደስታ ፕላን የሚነድፈውን ሰው «ጋራዥ ጨምርበት» አለው። ሁለታችንም አስተማሪዎች ነን፤ ያለን ተሽከርካሪ የልጆቹ አሮጌ ብስክሌት ብቻ ነው። «መኪና አለህ እንዴ?» ስለው «ጋራዥ ካለ መኪናው ይመጣል» አለኝ። በረት ሠርቶ ላም በራሷ እግር እስክትመጣ የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ከሆነ ባሌን አይታችሁታል። ልጆቹ አደጉ፣ ብስክሌቱ ዛገ፣ ልጆቹ ወደየሥራቸው ተበተኑ፤ መኪናው አልመጣም። በምትኩ የእድሩ ዕቃ መጣ።

የሰፈራችን እድር የራሱ መጋዘን አልነበረውም። አግዳሚ ወንበሩ አንዱ አባል ጓሮ ዝናብ ይመታዋል፤ ሰታቴውና ትሪው ሌላው ቤት የዶሮ ማደሪያ ሆኗል፤ ድንኳኑን አይጥ ተከራይቶታል። ደስታ «እኔ ባዶ ጋራዥ አለኝ» አለና ዕቃው ተጭኖ መጣ፤ እሱም የእድሩ ዕቃ ያዥ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኛ በር ነው። ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ ሼኩም ከእኛ ቀጥሎ ነው የሚሰሙት። ደስታ ማንኛውም ሰዓት ላይ ቢጠራ ይነሳል፣ ጋራዡን ይከፍታል፣ ያስረክባል። ከለቅሶ ሲመለስ ወንበሩን አጥቦ ይደረድራል።

እሱ ሲሞት ጋራዡን የከፈተው ጎረቤት ነው። ሰው ሊያለቅስለት የተቀመጠው እሱ ራሱ አጥቦ በደረደረው ወንበር ላይ ነበር። ለቅሶው ሲያልቅ ዕቃውን የመለሱት ሰዎች በዚያ ጨለማ እንደመጣላቸው ወረወሩት፤ ትሪው ከድንኳኑ፣ ድንኳኑ ከሰታቴው ጋር ተጋባ። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትተውት ሄዱ። እኔ አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። ማንም አልሰጠኝም፤ ማንም አልወሰደብኝም። ያ ቁልፍ እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ በራችን ይንኳኳል። በራችን ካልተንኳኳ የእኔ ቤት ሻይ ብቻዬን የምጠጣበት አራት ግድግዳ ነው። ነገሩ ሁሉ ይህ ነው፤ ሌላ የተደበቀ ምሥጢር የለውም።

ከአርባው በኋላ፣ ክረምት ላይ፣ አንድ ጎረቤት አረፉ። ልጆቻቸው ድንኳን ሊወስዱ መጡ። ጋራዡ አምፖል የለውም፤ ሻማ አብርቼ ዳበስኩ። እድሩ ሁለት ድንኳን አለው፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ ደስታ ለመጣፊያ ያስቀመጠው አይጥ የበላው። ሁለቱም ሲጠቀለሉ መንታ ናቸው። ገምቱ የትኛውን እንደሰጠሁ። በማግስቱ የወረደው ዝናብ ደግሞ የሐዋሳ ዝናብ ነበር። ቀዳዳዎቹ እንደ አጋጣሚ ሁሉም ሰው ላይ አልነበሩም። ትልቁ ቀዳዳ የእድሩ ሰብሳቢ የአቶ ታደሰ አማት ከተቀመጡበት ቦታ በላይ ነበር። ሴትዮዋ በደረቅ አየር እንኳ የሚያኮርፉ ናቸው።

አቶ ታደሰ ከሳምንት በኋላ ቤቴ መጡ። አቶ ታደሰ የቀበሌ ስብሰባ ቀርተው አያውቁም፤ ከስብሰባው የወሰዱት ግን ቃላቱን ብቻ ነው። ሚስታቸው ወጥ ብታሳርር «የአፈጻጸም ክፍተት» የሚሉ ሰው ናቸው።

«በድንኳን አሰጣጡ ላይ የመልካም አስተዳደር ችግር ታይቷል» አሉኝ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጡ። «ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ይጠበቃል።»

«ግለ ሂሱን ድንኳኑ ያድርግ» አልኳቸው። «የተቀደደው እሱ ነው።»

«ጋራዡ ጨለማ ነው። ዕቃው ወደ እኔ ግቢ እንዲዛወር አቅጣጫ ተቀምጧል።»

«ማን አስቀመጠው?»

«ተቀምጧል።»

«እኮ ማን?»

«በሚቀጥለው የወሩ ስብሰባ ይወሰናል» አሉና ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እርስዎም እኮ ይረፉ። የሴት ሥራ አይደለም።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቁልፉን ብመልስ ምን ይለኛል ብዬ ሁሉ አስቤ ነበር። «ይረፉ» ሲሉኝ ግን የምድር ጉልበት ሁሉ ወደ እግሬ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን አጥልቄ አምፖል ፍለጋ ወጣሁ።

የያዘኝ ባጃጅ የዱካሌ ነው። ዱካሌ ጺም ያለው፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው፤ የማያውቀው ነገር ግን የለም። ወደ መሃል ከተማ ስንሄድ የት እንደምሄድ ነገርኩት። ዝም ብል ምን ነበረበት። ሱቁ በር ላይ ሲያደርሰኝ ባጃጁን አቁሞ ተከትሎኝ ገባ።

ባለሱቁ ወጣት ነው። «ለጋራዥ የሚሆን ኤልኢዲ ፈልጌ ነበር» አልኩት። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ዱካሌን ተመለከተ።

«መኪናቸው ትልቅ ነው ትንሽ?» ብሎ ጠየቀው።

«ትንሽ ትመስለኛለች» አለ ዱካሌ። መኪናዬን አይቷት እንደሚያውቅ ሁሉ።

«ጣሪያው ከፍ ያለ ነው?»

«መካከለኛ ነው።»

ሁለቱ እኔን መሃል አቁመው ስለ እኔ ጋራዥ ይነጋገራሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክፍል ሙሉ ሕፃናት ጸጥ ያሰኘሁ ሴት ነኝ፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ጸጥ ማሰኘት አልቻልኩም። በመጨረሻ ባለሱቁ ወደ እኔ ዞረና በትሕትና «ባለቤትዎ ምን ዓይነት መብራት ነው የሚፈልጉት?» አለኝ።

ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ጥቁር ለብሻለሁ።

«የት እንዳለ ካወቅህ ጠይቀህ ንገረኝ» አልኩት። «እኔም እሱን ነው የምፈልገው።»

ልጁ ደነገጠ። ደንግጦ ዝም ከማለት ይልቅ መደርደሪያውን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠልኝ። ክቡ፣ ረጅሙ፣ ነጩ፣ ቢጫው፣ ነጭም ቢጫም ያልሆነው። አቤት፣ ሰው ስለ መብራት ያለው አስተያየት። የካውያ ገመድ ልትገዛ የገባች ሴት «ቢጫ ይሁንልዎ፤ ነጩ ሰውን አስከሬን ያስመስላል» አለችኝ። ወዲያው ጥቁሬን አየችና ከሱቁ ወጣች፤ ገመዱን ሳትገዛ። አንድ ሽማግሌ «ነጩን የገዛሽ እንደሆነ የሐይቁ ቢንቢ በሙሉ ቤትሽ ያድራል» አሉኝ። ዱካሌ ደግሞ «ዋቱ ይብዛ ማዘር፤ በዋት አይቀለድም» ይላል። ባለሱቁ ኤልኢዲ ሲሆን ትንሹም ዋት ብዙ እንደሚያበራ ሊያስረዳ ሞከረ። ዱካሌ ሳቀበት።

እኔ የፈለግሁት ድንኳንን ከድንኳን የሚለይ መብራት ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ስለ ድንኳን የማወራው በሐዘን ምክንያት መሰላቸው።

በመጨረሻ ባለሱቁ አንድ ነጭ አምፖል ከካርቶን አወጣ። «እናቴ፣ ይኼ ሴንሰር አለው። ሰው ሲገባ በራሱ ይበራል፣ ሰው ሲወጣ በራሱ ይጠፋል። ማብሪያ ማጥፊያ መፈለግ ቀረ፤ ቆጣሪም አይነካም።» ቆጣሪ ሲል ደስታ ትዝ አለኝና ገዛሁት። የሰው ልጅ ሲያዝን ዕቃ መግዛት የለበትም።

የገጠመው ዱካሌ ነው። «ኤሌክትሪሻን ምን ያደርጋል፣ እኔ እያለሁ» አለ። በርግጥም ገጠመው። በሩን ከፍቼ ስገባ ቦግ አለ፤ እልል ማለት ብቻ ቀረኝ። ዱካሌን ሸኝቼ ሁለቱን ድንኳኖች ዘርግቼ ቀዳዳ ልፈልግ ጎንበስ አልኩ። ድርግም።

ቀና አልኩ፤ በራ። ጎንበስ ብዬ ስመረምር ጠፋ። ያ ክፉ አምፖል ሰው መኖሩን የሚያምነው ሰው ሲወራጭ ብቻ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደሌለሁ የሚቆጥሩኝ ሰዎች በዝተው ነበር፤ አሁን አምፖልም ተጨመረባቸው። ምን ላድርግ፣ በአንድ እጄ ድንኳኑን ይዤ በሌላው እጄ አየር መቅዘፍ ጀመርኩ። እሱም አልበቃው ሲል ሁለቱንም እጄን ወደ ላይ አንሥቼ አወናጭፋለሁ፣ እሰድበዋለሁ፣ እንደገና ጎንበስ እላለሁ። ከሰዓቱን ሙሉ እንዲሁ ዋልኩ።

የጋራዡ በር ክፍት ነበር። የጎረቤቴ የአስቴር መስኮት ደግሞ ከጋራዡ ፊት ለፊት ነው።

በማግስቱ ሁለት ቡድን በሬ ላይ ተገናኘ። አንደኛው አስቴር ከጸሎት ጓደኞቿ ጋር፤ ሁለተኛው እትዬ የሺ፣ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው። እትዬ የሺ የሰፈራችን አንጋፋ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱት እኔ ገና ሳላገባ ነው። ሁለቱ ቡድኖች በሬ ላይ «እናንተ ቅደሙ»፣ «አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይባባላሉ። ቡና የጠራኋቸው መሰሉኝ፤ እኔ ግን ማንንም አልጠራሁም።

«እህቴ» አለች አስቴር እጄን ይዛ፣ «ትናንት አይቼሽ አንጀቴ ተላወሰ። ብቻሽን እንዲያ ስትሆኚ።»

«እንዴት ስሆን?»

«እጅሽን እያነሣሽ።»

«እሱማ አምፖሉ ነው እጄን የሚያስነሣኝ» አልኩ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፌ እንደወጣ መልሼ ብውጠው በወደድኩ። ሁሉም ተያዩ። እትዬ የሺ የጠርሙሱን ክዳን ፈቱ።

ላሳያቸው ብዬ ወደ ጋራዡ ወሰድኳቸው። «አሁን ሁላችን ዝም ብለን ብንቆም ይጠፋል» አልኳቸው። ነገር ግን አስቴርና ጓደኞቿ ጸሎት ጀምረዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ። እነሱ እስከተወዛወዙ ድረስ መብራቱ ደምቆ በርቷል። «ቁሙ እንጂ፣ ከቆማችሁ እኮ ይጠፋል» እያልኩ እኔ ደግሞ ከጸሎቱ መሃል እለምናለሁ። እንዲህ ባልኩ ቁጥር ጸሎቱ ይበረታል። እትዬ የሺ በበኩላቸው ጸበሉን መርጨት ያዙ። የመጀመሪያው ፊቴን አገኘው። ሁለተኛው ሽቅብ ሄዶ አምፖሉን አገኘው። ቸስ አለ፣ ተንጣጣ፣ ጨለመ።

በጨለማው ውስጥ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ወጣላት» አለች።

«የጠፋው መብራቱ ነው» አልኩ። ማንም አላመነኝም። አመስግነው፣ አቅፈው ስመውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ተሻለሽ?» ይሉኛል። ተሽሎኛል እላለሁ። ምን ልበል።

የወሩ ስብሰባ እየተቃረበ ነው። ስለዚህ ወደ ከድር ሄድኩ። ከድር ፒያሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያለው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ደግ ልጅ ነበር፤ ማባዛት እንቢ ስላለው ጆሮውን ብዙ ጊዜ አዙሬዋለሁ። ሲያየኝ ከባንኮኒው በላይ ዘልሎ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

«ቲቸር፣ እርስዎ እዚህ ድረስ? ደውለው ቢልኩኝስ።» ወንበር አስመጣ፣ ለስላሳ አስመጣ፣ የሱቁን ደንበኛ ሁሉ አቁሞ «እኔን ሰው ያደረጉኝ እኚህ ናቸው» እያለ አስተዋወቀኝ። ደስታን አንሥቶ አለቀሰ። ከዚያ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

«ለጋራዥ መብራት። ተራ መብራት፤ ሲበራ የሚበራ፣ ሲጠፋ የሚጠፋ።»

«ለቲቸር ተራ አይሸጥም» አለ።

«ከድር፣ እኔ የምፈልገው ተራ ነው።»

«አይገባም ቲቸር። ሰው ምን ይለኛል?»

ክብር ሲበዛ ከንቀት አይሻልም። የናቀኝ ሰው ቢያንስ የጠየቅሁትን ያስታውሳል። ከድር ከመጋዘን ያስወጣልኝ እንደ ሻንጣ የሚከብድ፣ ለኳስ ሜዳና ለመጋዘን የሚሆን የኤልኢዲ ፓውዛ ነው። ይበዛብኛል ብል «በእኔ ሞት ይውሰዱት» አለ። በእኔ ሞት ይሉት ነገር ለቅርብ ሐዘንተኛ የሚባል አይደለም፤ ሲባል ደግሞ እንቢ ማለት አይቻልም። ዱካሌ በር ላይ ቆሞ ፓውዛውን ሲያይ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። «አሁን ገና ዋት ገዙ» አለኝ።

ሰቀለው። ከጋራዡ የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። ለምን ወደ በሩ እንዳዞረው ብጠይቀው «ሲወጡም እንዲያበራልዎ» አለኝ።

አመሻሹ ላይ፣ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት፣ የጋራዡን በር ከፍቼ አበራሁት። እውነቱን ልናገር፤ ዓይኔ ጠፋ። ብርሃኑ ግቢውን ሞልቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ማዶ ያለውን ግድግዳ አነጣው። ግን ድንኳኑ ይታያል፣ ሰታቴው ይታያል። በዚህ ብርሃን የማይሠራ ምን አለ ብዬ ዕቃውን በወጉ ልደረድር ተነሣሁ። መጀመሪያ ቦታ ለማስለቀቅ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግቢው አወጣሁ፤ ዱካሌ አገዘኝና ሄደ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቼ ትሪ መቁጠር ጀመርኩ።

አሁን ከውጭ ሆናችሁ እዩት። በመሸበት ሰዓት የአንድ ሰው ግቢ እንደ ቀን በርቷል። በሩ ወለል ብሏል። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ወግ ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ከተቀመጠ በኋላ፣ ያውም በጆሮ፣ ያውም አጠገቡ ያለውን ነው። «ማን ሞተ?» እያሉ መግባት ነውር ነው። ሟችን አለማወቅ ያሳፍራል፤ ያላወቁትን ሰው ማልቀስ ግን አያሳፍርም። በዚህ ላይ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በደጃፌ አልፎ ኖሮ ስም እንኳ ሳይዝ ሄዶ ነፋ።

ከትሪዎቹ ቀና ስል ግቢዬ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። አስቴር ደረቷን ይዛ ታነባለች። እኔ በሩ ላይ ትሪ እንደያዝኩ ቀረሁ። የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ሞቷል፣ ዕቃ ያዧ እኔ ነኝ ብለው ቤቴ ተሰብስበዋል፣ ማን እንደሞተ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። መጠየቅ አፈርኩ። ትሪውን አስቀመጥኩና አለቀስኩ።

እኔ ሳለቅስ የነበረ ጥርጣሬ ሁሉ ጠፋ። ግቢው በአንድ ድምፅ ተነሣ። ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ያን ዕለት እንዳለቀስኩት ደስታ ሲቀበር እንኳ አላለቀስኩም። ያኔ ሰው መሃል ነበርኩ፤ ወንበሩ ይበቃል ወይ፣ ውሃ ተቀዳ ወይ እያልኩ ነበር። አሁን ግን ማንን እንደማለቅስ ስለማላውቅ እሱን አለቀስኩ።

እትዬ የሺ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በጆሮዬ «ማንን ነው ልጄ? ከልጆችሽ ነው?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ እየተንሰቀሰቅሁ። «እርስዎ አልሰሙም?»

«እኔ አስቴርን ተከትዬ ነው።»

አስቴር ተጠየቀች፤ እሷ ጥሩምባውን ሰምታ ነው። ጥሩምባ ነፊው ተጠየቀ፤ እሱ መብራቱን አይቶ ነው። ጥያቄው ከወንበር ወደ ወንበር እየዞረ ሄዶ ተመልሶ እኔ ላይ ቆመ። ለቅሶው እንደ ቧንቧ ውሃ እየቀጠነ ጠፋ። ሰው ሁሉ በዚያ ነጭ ብርሃን ውስጥ እርጥብ ፊቱን ይዞ ተፋጠጠ። እንዳይሄድ፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ወዲያው አይነሣም። እንዳይቀመጥ፣ ሟች የለም።

አቶ ታደሰ በዚህ መሃል ደረሱ። ሁኔታው ሲገባቸው ፊታቸው በራ፤ ከፓውዛው እኩል በራ ብል አላጋነንኩም። መሃል ቆሙ።

«የእድራችን ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ አያውቅም» አሉ። «ዛሬ ሞልቷል። ስለዚህ የዕቃ ቤቱን ጉዳይ አሁኑኑ እንድናየው ሐሳብ አቀርባለሁ። በጨለማ የተቀደደ ድንኳን ሰጡን። በብርሃን ደግሞ ይኸው፣ ያለ ሟች አስለቀሱን። ዕቃው ወደ እኔ ግቢ ይዛወር የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ተነሣሁ። ፊቴን እንኳ አልጠረግሁም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩ። «እኔ በጨለማ ሁለት ድንኳን ተምታታብኝ። እናንተ በዚህ ሁሉ ብርሃን ማንን እንደምታለቅሱ ሳታውቁ ግማሽ ሰዓት አለቀሳችሁ። የማን ስሕተት ይበልጣል?»

አንድ ሰው ሳቅ ሲያፍን ሰማሁ።

«ደስታ በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ነበር የሚነሣው» አልኩ። «እኔም እነሣለሁ። አቶ ታደሰ፣ የእርስዎ በር ስንት ጊዜ ቢንኳኳ ነው የሚከፈተው? አማትዎ እንኳ አጥር ጋ ቆመው ሲጣሩ ነው የምናየው።»

አሁን ሳቁ አልታፈነም። አቶ ታደሰ «ከአጀንዳ ውጭ ነው» አሉና ወደ ድምፅ ተሻገሩ። እጅ ወጣ፤ አምስት ስድስት ወንዶች። «በነበረበት ይቀጥል የምትሉ?» ሲሉ መጀመሪያ የወጣው የእትዬ የሺ እጅ ነው። ቀጥሎ አስቴር፣ ቀጥሎ ሴቱ በሙሉ።

«ድምፅ የሚሰጠው አባል ነው» አሉ አቶ ታደሰ። «አባሉ ደግሞ አባወራው ነው።»

እትዬ የሺ እጃቸውን ሳያወርዱ ተነሡ።

«ልጄ ታደሰ፣ የእኔ አባወራ ሲቀበር አንተ ገና ሱሪ አልታጠቅህም ነበር። መዋጮውን ይህን ሁሉ ዘመን ማን የከፈለህ መሰለህ? ከመቃብር እየላከ ነው?»

«እሱ እንኳ...»

«የእሱ እጅ አይነሣም። የተነሣው የእኔ ነው። ቁጠር።»

ቆጠሩ። ወንዶቹም ሚስቶቻቸውን አየት እያደረጉ አንድ በአንድ እጃቸውን ያወጡ ጀመር። አቶ ታደሰ መጨረሻ ላይ ቁልፉ እኔ ዘንድ እንዲቆይ «አቅጣጫ ተቀምጧል» አሉ። ማን እንዳስቀመጠው በዚህ ጊዜ አልጠየቅኋቸውም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ተጨመረ፤ ፓውዛው እንዲነሣ። በእሱ ላይ ሁሉም ተስማማ። ከዚያ በምትኩ ምን ዓይነት መብራት ይሁን የሚል ጥያቄ ተነሣና ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ፤ ነጭ የሚሉና ቢጫ የሚሉ። እየተጨቃጨቁ ወጥተው ሄዱ፤ ጭቅጭቃቸው መንገድ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ፓውዛውን ለከድር መለስኩለት። አኮረፈ፤ ያኩርፍ። ዱካሌም ዋት ስለመለስኩ እንደ ዘመድ ሞት አዘነ። በሌላ ቀን በእግሬ ሄጄ፣ ከማላውቀው ሱቅ ገብቼ፣ ማንንም ሳላማክር አንድ ኤልኢዲ አምፖል በጣቴ አመልክቼ ገዛሁ። ነጭ ይሁን ቢጫ አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ እናንተም አስተያየት ትሰጣላችሁ።

አሁን የእድሩ ዕቃ ያዥ እኔ ነኝ። በሩ ሲንኳኳ እነሣለሁ፣ ጋራዡን ከፍቼ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ሰታቴውን አስረክባለሁ፤ ሲመለሱም አጥቤ እደረድራለሁ።